ትንፋሽን የመረመረው ሐኪም፤ ጆን ስኮት ሆልዴን

እ.ኤ.አ. በጥር 1896 በደቡብ ዌልስ፣ ታይለርስታውን በተባለው ስፍራ፣ በአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 57 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያን ዘመን እንዲህ ባለ አደጋ ሰው የሚገድለው የፍንዳታው ኃይልና ቃጠሎው እንደሆነ ብዙዎች ያምኑ ነበር። አስከሬኖቹን የመረመረው ሐኪም ጆን ስኮት ሆልዴን ግን የደማቸውን ደማቅ ቅላት አይቶ፣ አብዛኞቹ የሞቱት ከፍንዳታው በኋላ በተከማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው መሆኑን አረጋገጠ።

ሆልዴን በ1860 በኤዲንብራ ተወልዶ፣ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1884 ተመረቀ፤ አብዛኛውን የምርምር ዘመኑን ያሳለፈው ግን በኦክስፎርድ ነው። የሚያጠናውን አየር አስቀድሞ በራሱ ሳንባ የመፈተን ልማድ ነበረው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሆልዴን ከሄሞግሎቢኑ ግማሽ ያህሉ በጋዙ እስኪያዝ ድረስ እየተነፈሰ፣ ጉልበትና ማስተዋል እንዴት እንደሚከዱ መዘገበ። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውምና፣ ትንፋሻቸው ፈጣን የሆነ ትናንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው ስለሚመረዙ ለማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉ አሳሰበ። ካናሪ የተባለችው ወፍም በብሪታንያ ማዕድኖች ውስጥ እስከ 1986 ድረስ በዚሁ ተግባር ላይ ቆየች።

በ1905 ከፕሪስትሊ ጋር ባወጣው ጥናት፣ በተለመደው ሁኔታ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መሆኑን አሳየ። በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ካለው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ0.2 በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ የሚተነፈሰው አየር እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ለማንኛውም መሐንዲስ የሚበጅ ከባድ እውነት ይከተላል። በጉድጓድ ወይም በታንከር ውስጥ ኦክሲጅን በሌላ ጋዝ ቢተካ፣ ሰውየው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ወትሮው ስለሚያስወጣ የመታፈን ስሜት አይሰማውም፤ ሳይጠረጥር ይወድቃል። ሊያወጣው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የሚገባውም ጓደኛው አጠገቡ ይወድቃል።

በ1908 ሆልዴን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ በፍየሎች ላይ የተደረገ ሙከራን መሠረት በማድረግ፣ የባሕር ጠላቂዎች በየደረጃው እየቆሙ ወደ ላይ የሚወጡበትን ሠንጠረዥ አሳተመ። በሚያዝያ 1915 በኢፕር ጦር ግንባር የክሎሪን ጋዝ በተለቀቀ ጊዜም ጉዳቱን እንዲመረምር ወደዚያው ተላከ። ክሎሪን የሳንባን ከረጢቶች አቁስሎ ፈሳሽ ስለሚሞላቸው ኦክሲጅን ወደ ደም መዝለቅ ይሳነዋል። ሆልዴን በ1917 ኦክሲጅንን እየመጠነ በጭንብል አማካይነት የሚሰጥ መሣሪያ ይፋ አደረገ፤ ኦክሲጅን ለሕመምተኛ በልክ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑም እየታወቀ ሄደ።

የብሪታንያ የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ሐኪም በ1924 ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው። ሆልዴን በስተርጅናውም ከሥራ አልተለየም። ወደ ፋርስ ተጉዞ፣ የነዳጅ ዘይት ሠራተኞችን ስለሚጥለው የሙቀት ሕመም ምርመራ አድርጎ ከተመለሰ በኋላ፣ በመጋቢት 1936 በ75 ዓመቱ በኦክስፎርድ ዐረፈ። እርሱ የጀመረው ሥራ ግን ዛሬም ወደ ጠባብ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት አየሩን በሚለካ ሠራተኛ እጅ ላይ ይገኛል።