የገዛ ራሱን ጕድለት የጻፈ ሰው

በቆሼ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ብልኅ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም። የማረቆ በርበሬ በቅላቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ሻጭ ቀዩንና ጤናማውን ከላይ አድርጎ የነጣውንና የሻገተውን ከሥር ይደብቃል። ስለዚህ ገዢው እጁን እስከ ክንዱ አግብቶ ከሥር ያለውን ዘግኖ ያወጣል። የገዛ ሕይወቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰውም እንደዚህ ሻጭ መሆን ይቀናዋል፤ ድሉንና ደግነቱን ከላይ፥ ስንፍናውንና ሐሰቱን ከሥር ያኖራል። ጆንያውን በሰው ፊት ገልብጦ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ከነዚህም ከጥቂቶቹ አንዱ አፍሪካዊው አውግስጢኖስ ነው።

አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ354 ዓ.ም. ታጋስት በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ስፍራዋም ዛሬ በአልጄርያ ሱቅ አህራስ ይባላል። አባቱ ፓትሪክዮስ እናቱም ሞኒካ ይባሉ ነበር። በልጅነቱ ጨዋታ ወዳድ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይገረፍ ነበር። እንዳይገረፍም ወደ እግዚአብሔር አጥብቆ ይጸልይ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች ግን፥ ወላጆቹም ሳይቀሩ፥ በመገረፉ ይሥቁበት ነበር። 16 ዓመት በሆነው ጊዜ ከጓደኞቹ ጋራ በሌሊት ሄደው ፒር የሚባለውን ፍሬ ከሰው ዛፍ አራግፈው ሰረቁ። ተርበውም አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው። ጥቂቱን ቀምሰው የቀረውን ለዐሣማ ጣሉት። የጣፈጣቸው ፍሬው ሳይሆን ስርቆቱ ነበረ።

ከዚህ በኋላ በባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ቅርጣግና ከተማ ሄዶ የንግግርን ጥበብ ተማረ፤ ኋላም አስተማረ። በዚያም ሳያገባት ከአንዲት ሴት ጋራ ኖሮ አዴዎዳቶስ የሚባል ልጅ ወለደ። በ383 ዓ.ም. ወደ ሮም ለመሄድ ባሰበ ጊዜ እናቱ ሞኒካ ልጇን አልለቅም ብላ እስከ ባሕሩ ዳር ተከተለችው። እርሱ ግን ወዳጁን ሊሸኝ የመጣ መስሎ አታለላት፤ እርስዋ በአቅራቢያው ባለ የጸሎት ቤት ስታነባ ባደረችበት ሌሊት በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። በነጋም ጊዜ እናቲቱ ባሕሩን እንጂ ልጇን አላየችም።

በሚቀጥለው ዓመት በሚላኖ ከተማ ታላቅ መምህር ሆኖ ተሾመ። አንድ ቀንም ንጉሠ ነገሥቱን የሚያመሰግንበትን ንግግር አሰናዳ፤ ንግግሩም ሐሰት የበዛበት እንደ ነበረ ራሱ መስክሮአል። ልቡ ተጨንቆ በመንገድ ሲያልፍ አንድ የሰከረ ለማኝ ሲሥቅና ሲጫወት አየ። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ መምህሩ በብዙ ዓመት ድካም አላገኘውም ነበር። ለማኙስ ቢተኛ ስካሩ በማግስቱ ይለቀዋል፤ መምህሩ ግን በክብር ፍቅር ሰክሮ ይተኛል፥ እንደ ሰከረም ይነሣል። ደግሞም በወጣትነቱ ንጽሕናን እንዲሰጠው ወደ እግዚአብሔር እየጸለየ፥ ነገር ግን ስጦታው ጥቂት እንዲዘገይለት ይለምን ነበር። ሰምቶ የማይሥቅ ማን ነው? ነገር ግን የሚሥቅ ሁሉ የራሱን ጸሎት ያስታውስ።

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ወደ አፍሪካ ተመልሶም ቄስ፥ ቀጥሎም የሂጶ ከተማ ጳጳስ ሆነ። ኑዛዜ የሚባለውን 13 ክፍል ያለውን መጽሐፍ የጻፈው በዚያ ወራት ነው። እንግዲህ አስተውሉ። በዚያን ጊዜ ድኻ ተማሪ አልነበረም፤ ሕዝብ የሚሰማው፥ ጠላትም የሚጠባበቀው ጳጳስ ነበረ። ጕድለቱን ቢደብቅ ማንም ባልጠየቀው ነበር። እርሱ ግን ያለፈውን ብቻ ሳይሆን በጵጵስናው ወራት ያለበትንም ድካም ገለጠ። በመንገድ ሲሄድ ውሻ ጥንቸል ሲያባርር ቢያይ ከታላቅ ሐሳብ ተነጥቆ እርሱን ይመለከት እንደ ነበረ፥ በቤቱም ተቀምጦ እንሽላሊት ዝንብ ሲይዝ ወይም ሸረሪት በድሩ ሲጠቀልል ልቡ ይወሰድ እንደ ነበረ ጻፈ። ሰው ሲያመሰግነውም ደስ እንደሚለው አልካደም።

ሊቅ በራሱ ቢሥቅ ክብሩ አይጐድልም። በአገራችንም ሊቁ አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ በቃል የነገሩት መጽሐፈ ትዝታ የሊቅን ዕውቀት ከጨዋታ ጋራ አስተባብሮ ይዞአል።

ነገር ግን በአውግስጢኖስ መጽሐፍ ሣቅ የማይገኝበት ስፍራ አለ። እናቱን ባታለለበት ሌሊት አልሣቀም። በሚላኖም ሳለ ባለጸጋ ጋብቻ ስለ ታሰበለት ያችን የልጁን እናት ከብዙ ዓመት በኋላ አሰናበታት። እርስዋም ሌላ ወንድ እንዳታውቅ ተስላ ልጇንም ለአባቱ ትታ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። እርሱ ግን የታጨችለት ልጅ እስክትደርስ መታገሥ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። ይህን ሲጽፍ ልቡ ቈስሎ እንደ ደማ ተናገረ፤ እርስዋ ከእርሱ ይልቅ የጸናች እንደ ነበረችም አልሸሸገም። ስምዋን ግን አልጻፈም። በከንቱ ውዳሴው ይሥቃል፥ በስንፍናው ይሥቃል፤ ሌላው ሰው ባለቀሰበት በደል ግን አይሥቅም።

በሸመገለም ጊዜ፥ በ427 ዓ.ም. ገደማ፥ በዘመኑ ሁሉ የጻፋቸውን መጻሕፍት እንደ ገና መርምሮ የተሳሳተበትን የሚያርም ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂጶን ከበዋት ሳሉ ታመመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ በግድግዳው ላይ አሰቀለ፤ ተኝቶም እያነበበ ያለቅስ ነበር። በ75 ዓመት ዕድሜውም ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ስለ ራሳችሁ በምታወሩበትና በምትጽፉበት ጊዜ ይህን ሰው አስቡ። በሣቅ የተነገረ ጕድለት ሁሉ ንስሐ አይደለም። ጓደኛውን መትቶ በኋላ እንደ ጨዋታ እያወራ የሚያሥቅ ልጅ በደሉን ገለጠ አይባልም፤ በሣቅ ሸፈነው እንጂ። ራሳችሁን ብቻ ያዋረዳችሁበትን ነገር በደስታ ተናገሩት፤ ሰው ያለቀሰበትን ግን ወደ ተበደለው ሰው ሄዳችሁ በሐዘን ተናገሩት። በገበያም ቢሆን ጆንያውን ራሱ የሚገለብጥ ሻጭ ይታመናል፤ እጅ አግብቶ የሚፈትሸው አያስፈልገውምና።