ለአሳማ የተጣለው ፍሬ

አንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪኬን ልጻፍ ብሎ ቢነሳ ከየት የሚጀምር ይመስላችኋል? ከሹመቱ? ካሸነፈው ክርክር? ዛሬ የማወጋችሁ ሰው የጀመረው ጡት ይጠባ ከነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ የአስተማሪ ዱላ፣ ከዚያ የኳስ ጨዋታ፣ ከዚያ ከጓዳ የሰረቀው ምግብ እያለ ይቀጥልና፣ አንድ ሌሊት ከሰፈር ልጆች ጋር ሆኖ የሰው ዛፍ ያራገፈበት ታሪክ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ደግሞ ብዙ ገጽ ነው የቆመው። ይሄን ሲጽፍ ጳጳስ ነበር እኮ! ሰው ተሰብስቦ ስብከቱን የሚሰማው፣ የተጣላ ሁሉ ዳኘን እያለ ደጁን የሚያጨናንቀው ጳጳስ።

አውግስጢኖስ ይባላል። በምዕራቡ ክርስትና ከሐዋርያው ጳውሎስ ወዲህ የእሱን ያህል አሻራ የተወ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ካቶሊኩ የእኔ ነው ይላል፤ ሉተርም በስሙ ከሚጠራው የመነኮሳት ማኅበር የወጣ ነው። ሥዕሎቹ የአውሮፓ ሽማግሌ አስመስለውት ይሆናል እንጂ ሰውየው የአህጉራችን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪካ፣ ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታዋ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ይባላል። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ መሬት ያለው የከተማው ምክር ቤት አባል ነበር፤ ክርስትናን የተቀበለው በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን ከክርስቲያን ቤት የወጣች ጸሎተኛ ሴት ነበረች።

ኑዛዜ የተሰኘውን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በ397 ገደማ፣ ዕድሜው 40 ካለፈ በኋላ ነው። መጽሐፉ እኛን አያናግርም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያናግረው እግዚአብሔርን ነው፤ እኛ በር ላይ ቆመን የሰው ጸሎት እንደምንሰማ ነን። ሁላችንም ልጅነታችንን የምናወራው ለሳቅ ነው፣ አይደል? እሱ ግን እያንዳንዷን ትዝታ አንስቶ፣ ያኔ እግዚአብሔር የት እንደነበረ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይመረምራል።

ሕፃንነቱን እንደማያስታውስ ያውቃል። ስለዚህ ያሳደጉትን ይጠይቃል፣ የሌሎችን ሕፃናትም ቁጭ ብሎ ይመለከታል። የመጀመሪያው ያገኘው ነገር ወተት ነው። የእናቱንና የሞግዚቶቹን ጡት የሞሉት እነሱ ራሳቸው አልነበሩም ይላል። መለመን ከመቻሉ በፊት፣ ማን እንደሚሰጠው ሳያውቅ፣ ይመገብ ነበር። ሁለተኛው ያገኘው ግን ደስ አይልም። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ከሱ ጋር አንድ ጡት የሚጠባውን ሌላ ሕፃን በቅናት ገርጥቶ ሲያፈጥበት አየ። ሕፃናት የማይጎዱት አቅም ስላነሳቸው እንጂ ልባቸው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም እስከማለት ይደርሳል። እኔ እዚህ ላይ ከሱ ጋር መስማማት ያቅተኛል። የራበው ሕፃን ቢያፈጥ ምን ይደንቃል? ግን ሰውየው ለራሱም የማያዳላ መሆኑን ከዚህ ጀምሮ ታዩታላችሁ።

ትምህርት ቤት ሲገባ ዱላው ጀመረ። ትንሹ አውግስጢኖስ ከልቡ ጸሎት የጀመረውም ያኔ ነው። የለመነው ነገር ትልቅ አልነበረም፤ ነገ እንዳይገርፉት ብቻ ነው። አልተመለሰለትም፤ ተገረፈ። ይባስ ብሎ ትልልቆቹ ሰዎች፣ ክፉ እንዲነካው የማይፈልጉት ወላጆቹ ሳይቀሩ፣ በግርፋቱ ይስቁ ነበር። አለንጋ ቀምሶ ያደገ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ጀርባውን ሳይዳብስ አያልፍም። ጳጳስ ሆኖ ሲጽፈው እንኳ ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣም።

ከዚያ አስተማሪውን ይታዘበዋል። ልጁ የሚገረፈው ከትምህርቱ ይልቅ ኳስ ስለሚወድ ነው። ገራፊው አስተማሪ ደግሞ በአንዲት ተራ ነጥብ በሥራ ባልደረባው ከተረታ፣ በኳስ ከተሸነፈው ልጅ ብሶ በንዴት ይቃጠላል። የልጅ ጨዋታ ጨዋታ ተብሎ ያስገርፋል፤ የትልቅ ሰው ጨዋታ ግን ሥራ የሚል ስም አለው። የለውዝና የኳስ ጠብ ሲያድግ የወርቅና የርስት ጠብ ይሆናል እንጂ፣ ልቡ ያው ልብ ነው ባይ ነው።

ስለ ቋንቋ የጻፈውን ለአስተማሪዎች ሁሉ ባነብላቸው ደስ ይለኛል። ላቲን የለመደው በሞግዚቶች እቅፍ፣ በቀልድና በጨዋታ መሀል፣ ማንም ሳያስገድደው ነው። ግሪክኛ ግን በማስፈራሪያና በዱላ መጣበት፤ ጠላውም። ውጤቱን ታሪክ ያውቀዋል፦ በላቲን ከጻፉት ታላላቆች አንዱ ሆነ፣ ግሪክኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ላቲኑ ሳይሆንለት ቀረ። ሰው የሚማረው ከፍርሃት ይልቅ በራሱ ጉጉት እንደሆነ ከዚህ ወሰደ።

በዚሁ ዕድሜው የቨርጂልን ግጥም እያነበበ፣ በፍቅር ምክንያት ራሷን ለገደለችው ንግሥት ለዲዶ ያለቅስ ነበር። በኋላ ሲያስበው ይገርመዋል፤ ላልኖረች ሴት እንባውን ሲያፈስ፣ በገዛ ነፍሱ ላይ ለሚሆነው ግን ዓይኑ አልረጠበም። ተከታታይ ፊልም እያየን ሌሊት ትራሳችንን የምናርስ ሰዎች ይሄን ክፍል በፍጥነት ብናልፈው ይሻለናል።

ስርቆቱ የጀመረው ቤት ውስጥ ነው። ከወላጆቹ ጓዳና ገበታ እየሰረቀ፣ ግማሹን ለሆዱ፣ ግማሹን የሌሎች ልጆች መጫወቻ መለወጫ ያደርገው ነበር። በጨዋታም ያጭበረብራል። ሌላው ሲያጭበረብር ከያዘው ግን አገር ይያዝልኝ ነው፤ እሱ ሲያዝ ደግሞ ከማመን ይልቅ ጠብ ያነሳል።

ወደ ሌሊቱ ታሪክ እንሂድ። ዕድሜው 16 ነው። ማዳውሮስ በምትባል በአቅራቢያው ባለች ከተማ ይማር ነበር፤ አባቱ ወደ ካርቴጅ ልኮ ሊያስተምረው ገንዘብ እስኪያጠራቅም ድረስ አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀመጠ። ሥራ የፈታ ጎረምሳና የሰፈር ጓደኛ ሲገናኙ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ከቤተሰቡ የወይን ተክል አጠገብ አንድ የሰው የፒር ዛፍ ነበረ፤ ፍሬው በዝቶ ተንጠልጥሏል፣ ግን መልኩም ጣዕሙም የሚያጓጓ አልነበረም። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ላይ ሲጫወቱ አምሽተው፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ሄደው ዛፉን አራገፉት። ሸክም ሙሉ ይዘው ወጡ። ጥቂት ቀመሱና የቀረውን ለአሳማ ጣሉት። አውግስጢኖስ ቤት ደግሞ ከዚያ የተሻለ ፒር ሞልቶ ነበር።

አለቀ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የሞተ የለም፣ የተጎዳ የለም። ከዚህ የባሰ ኃጢአት እንደሠራ ራሱ በዚያው መጽሐፍ ይናገራል። ታዲያ ለምን በዚህች ተጨነቀ? ባለፉት ዘመናት ይሄን ክፍል አንብበው የሳቁበት ጥቂት አይደሉም፤ ለጥቂት ፍሬ ይሄ ሁሉ ዋይታ ብለው።

እኔ ግን ዋናው ነጥብ ያለው በፍሬው ተራነት ይመስለኛል። ሰው ሲሰርቅ ምክንያት አለው፤ ይርበዋል ወይም ያምረዋል። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ምክንያት አያጣም፤ በሮም ታሪክ በጭካኔው የታወቀውን ካቲሊናን ሳይቀር እየጠቀሰ፣ እሱም ከወንጀሉ የሚፈልገው ነገር ነበረው ይላል። የፒሩ ሌባ ግን ምን ፈለገ? ረሃቡን ሰረዘው። ጣዕሙን ሰረዘው። ውበቱንም ሰረዘው። ሁሉንም ሲያነሳ የቀረው ነገር አስደነገጠው፤ የወደደው መስረቁን ራሱን ነው፣ የተከለከለ ስለሆነ ብቻ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ከሳቂዎቹ ጋር እስቅ ነበር። ግን ትዝታውን እንደገና አገላበጠና ሌላ ነገር አገኘ፦ ብቻውን ቢሆን አያደርገውም ነበር። ይሄን ደጋግሞ ይናገራል። ፍሬውን አልፈለገውም፤ የፈለገው አብሮ መሆኑን ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ብዙ አይስቅም፤ እነሱ ግን የዛፉ ባለቤት ጠዋት ሲነሳ የሚሆነውን እያሰቡ ልባቸው እስኪፈነዳ ሳቁ። አንዱ እንሂድ ሲል፣ አልሄድም ማለት ነውር ይሆናል፤ ኃፍረተ ቢስ አለመሆን ራሱ ያሳፍራል። ይሄን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የድሮ የአትክልት ቦታ አይደለም፣ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዱ የማያውቃትን ልጅ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሁለተኛው ይቀልዳል፣ ሃያኛው ላይ ሲደርስ ልጅቷ ሰው መሆኗ ይረሳል። ከሃያዎቹ ማናቸውም ብቻቸውን መንገድ ላይ ቢያገኟት ያንን ቃል አይሏትም።

የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዛፍ፣ ፍሬ፣ ክልከላና የጓደኛ ነገር ሲሰማ የት እንዳለ ይገባዋል። አውግስጢኖስ የአዳምን ውድቀት በሩቅ እንደተደረገ ተረት ሊያነበው አልቻለም፤ በታጋስቴ፣ ከገዛ ጓደኞቹ ጋር፣ በ16 ዓመቱ አይቶታል።

እናቱም የራሷ የልጅነት ታሪክ ነበራት፣ ለልጇ የነገረችው። ትንሽ ልጅ ሳለች ወላጆቿ ከበርሜል ወይን ጠጅ ቅጂ ብለው ይልኳት ነበር። ለጨዋታ በከንፈሯ ጫፍ ቀመሰች። በማግስቱ ትንሽ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሙሉ ጽዋ መጨለጥ ለመደች። ያሳደገቻት አሮጊት ጥብቅ ሴት ነበረች፣ ከምግብ ሰዓት ውጭ ውሃ እንኳ የምትከለክል፤ ይሄን ግን አላየችም። ያዳናት ማን መሰላችሁ? አብራት ወደ ጓዳ የምትወርድ የቤት ሠራተኛ። አንድ ቀን ተጣሉና ሠራተኛዋ ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ልጅቷ የስድቡ እውነትነት ወጋት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወች። ሠራተኛዋ ልታቆስላት እንጂ ልታርማት አልፈለገችም። አውግስጢኖስ ግን እግዚአብሔር የአንዷን ክፋት ለሌላዋ መድኃኒት ሲያደርግ ያያል። ከጻፋቸው ሁሉ ይቺን ነው የምወዳት።

የቀረውን ሕይወቱን በአጭሩ ልለፈው። ካርቴጅ ሄደ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒን እምነት ተከተለ። ከአንዲት ሴት ጋር ብዙ ዓመት ኖሮ አዴኦዳቱስ የሚባል ልጅ ወለደ። በኋላ ለሌላ ጋብቻ ሲባል ሴትየዋ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ልቡ እንደቆሰለ ጽፏል፤ ስሟን ግን አንድም ቦታ አልጻፈም። ለፒሩ ያን ያህል ገጽ የሰጠ ሰው ለእሷ ስም አንዲት ቃል መንፈጉ እኔን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በ386 ሚላን ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ሕይወቱን ለመለወጥ ይፈልጋል፣ አይችልም። አንድ ቀን በአንድ አትክልት ቦታ፣ ከበለስ ዛፍ ሥር ተደፍቶ ሲያለቅስ፣ ከጎረቤት ቤት የልጅ ድምፅ ሰማ፤ የወንድ ይሁን የሴት አልለየውም። ልጁ አንሳና አንብብ የሚል ነገር እያዜመ ይደጋግማል። አውግስጢኖስ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ልጅነቱን ማስታወስ ነው። እንዲህ ተብሎ የሚዘፈንበት የልጆች ጨዋታ ይኖር ይሆን ብሎ አሰበ፤ አላስታወሰም። ተነስቶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ። በ387 በፋሲካ ሌሊት ከልጁ ጋር ተጠመቀ። ትንሽ ልጅ ሳለ ታሞ ሊሞት ሲል ጥምቀት ለምኖ ነበር፤ ሲሻለው ቀረ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ። ሞኒካ በዚያው ዓመት አረፈች፤ ልጁ አዴኦዳቱስም ገና በወጣትነቱ ተከተላት።

አውግስጢኖስ ወደ አፍሪካ ተመልሶ፣ ዛሬ አናባ በምትባለው በሂፖ ከተማ ቄስ፣ ከዚያም ጳጳስ ሆነ። በ430 ቫንዳሎች ከተማዋን ከበው ሳለ ታመመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ፤ አልጋው ላይ ሆኖ እያነበበ ያለቅስ ነበር። አሥር ቀን ያህል ሲቀረው፣ ከሐኪሞቹና ምግብ ከሚያመጡለት በቀር ማንም እንዳይገባበት ለመነ። ኦገስት 28 ቀን አረፈ፤ ዕድሜው 75 ነበር።