ኦትማር ሜርገንታለር

ኦትማር ሜርገንታለር (ግንቦት 4 ቀን 1846 – ጥቅምት 18 ቀን 1892 ዓ.ም.) በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ሰዓት ሠሪና የማሽን ፈጣሪ ነበር። ሊኖታይፕ የተባለውን የማተሚያ ቤት ማሽን በመሥራቱ ይታወቃል። ማሽኑ የቀለጠ የእርሳስ ቅይጥ በፒስተን እየገፋ ወደ ቅርጽ ማውጫ ያስገባና አንድ ሙሉ የጽሑፍ መስመር በአንድ ጊዜ ያወጣ ነበር። ዛሬ የመኪና ክፍሎች፣ የበር እጀታዎችና የመሣሪያ ቀፎዎች ከዚንክና ከአሉሚኒየም የሚሠሩበት ዳይ ካስቲንግ የተባለው ዘዴ የሚከተለው ይህንኑ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሰዓት ሥራ

ሜርገንታለር በ1854 በዉርተምበርግ መንግሥት ውስጥ ሐኽቴል በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደር አስተማሪ ነበር፤ ልጁም የእርሱን ሙያ እንዲይዝ ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ እጁ ወደ መሣሪያ ያደላ ነበር። ቆሞ የቀረውን የመንደሩን ሰዓት ገና በልጅነቱ ጠግኖ እንዳስኬደው ይነገራል። በመጨረሻ አባትየው ተረታና ልጁን በቢቲግሃይም ከተማ ሰዓት ሠሪ ለነበረው ለእንጀራ እናቱ ወንድም ለሉዊስ ሐል ሙያ እንዲማር ሰጠው። በዚያ አራት ዓመት ቆየ። ከሚሊሜትር ያነሰ ስሕተት ሥራውን ሁሉ እንደሚያበላሽ እዚያ መማሩ በኋላ ለሠራው ማሽን ከማንኛውም ትምህርት ቤት የበለጠ ጠቅሞታል ማለት ይቻላል።

በ1871 የጀርመንና የፈረንሳይ ጦርነት ሲያበቃ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ከተሞቹን አጥለቀለቁ። ለአንድ ወጣት ሰዓት ሠሪ የሚጠብቀው የውትድርና ግዳጅና የሥራ እጦት ነበር። ስለዚህ በ1872 በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዋሽንግተን የጌታው ልጅ አውጉስት ሐል በከፈተው የመሣሪያ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ቤቱ ለመንግሥት የአየር ጠባይ መከታተያ አገልግሎት መሣሪያዎችን ይሠራ ነበር። ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ከፈጣሪዎች የማሽኑን ትንሽ ናሙና ይጠይቅ ስለነበር ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ወደ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ይመጡ ነበር። ሜርገንታለር የሰውን ሐሳብ በናስና በብረት ሲሠራ፣ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚሰናከልም አብሮ ተማረ። በ1876 ሥራው ወደ ባልቲሞር ተዛወረ፤ በ1878 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ1881 ኤማ ላኸንማየርን አገባ።

የክሌፋን ጥያቄ

በ1876 ጄምስ ክሌፋን የተባለ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ከጓደኛው ከቻርልስ ሙር ጋር ወደ ቤቱ መጣ። ክሌፋን በፍርድ ቤት የሚነገረውን ቃል በቃል የሚጽፍ ሰው ነበር። ችግሩም ይህ ነበር፤ እርሱ የጻፈው በማተሚያ ቤት ለማተም ፊደል ለቃሚ እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እያነሳ መደርደር፣ ከኅትመት በኋላም እያንዳንዷን ወደ ሳጥኗ መመለስ ነበረበት። ከጉተንበርግ ዘመን ጀምሮ ከ400 ዓመት በላይ ሥራው የሚሠራው እንዲሁ ነበር። ጋዜጦች ገጻቸው ጥቂት የሆነው ወሬ ስለጠፋ ሳይሆን ለቅሞ የሚጨርስ እጅ ስላልነበረ ነው።

ሙር ያመጣው ማሽን ፊደላትን በልዩ ቀለም በወረቀት ላይ እያተመ ወደ ድንጋይ ማተሚያ ለማሸጋገር የታሰበ ነበር። ሜርገንታለር ጉድለቱን አይቶ አሻሻለው፤ ሆኖም ውጤቱ ንጹሕ ኅትመት ሊሰጥ አልቻለም። ቀጥሎ የተሞከረው ፊደላትን ለስላሳ የወረቀት ጭቃ ላይ እየጫኑ ጎድጓዳ ምልክት ማውጣትና በዚያ ላይ የቀለጠ እርሳስ ማፍሰስ ነበር። ይህም ከሸፈ። አንዱ ፊደል ሲጫን የጎረቤቱን ቅርጽ ያዛባ ነበር፤ ትኩሱ እርሳስም ከወረቀቱ ጋር ይጣበቅ ነበር። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ሰለቹ፤ ክሌፋን ግን ተስፋ አልቆረጠም። የዚህን ሰው ጽናት ሳይጠቅሱ የሊኖታይፕን ታሪክ መጻፍ ፍትሕ አይሆንም።

በ1883 ሜርገንታለር በባልቲሞር የራሱን መሥሪያ ቤት ከፈተ። በዚህ ጊዜ አካባቢ በባቡር ሲጓዝ ነገሩ እንደበራለት ይነገራል። ፊደሉን ወረቀት ላይ ጭኖ በሌላ ማሽን እርሳስ ከማፍሰስ ይልቅ፣ ጎድጓዳው ፊደል ራሱ በብረት ላይ ተቀርጾ እርሳሱ እዚያው ማሽን ውስጥ ቢፈስበትስ? ወረቀቱ ከሥራው ወጣ፤ በ1884 በዚህ ሐሳብ የተሠራው ማሽን ፓተንት አገኘ። ሆኖም በዚያ ማሽን ውስጥ ፊደላቱ ሁሉ በረጃጅም ዘንጎች ላይ ተቀርጸው ነበርና አንዲት ፊደል ብትበላሽ ዘንጉ በሙሉ መለወጥ ነበረበት። እርሱም እንደገና አፍርሶ ጀመረ፤ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻዋ በምትንቀሳቀስ ትንሽ የናስ ቁራጭ ላይ ቀረጸ። ቁራጯ ማትሪክስ ትባላለች።

ማሽኑ እንዴት ይሠራ ነበር

በኋላ የተስፋፋው ሊኖታይፕ 90 ቁልፎች ነበሩት፤ ከላይ በተዘረጋው ሣጥን ውስጥም ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ መተላለፊያ ነበር። ሠራተኛው ቁልፍ ሲነካ አንዲት ማትሪክስ በመሬት ስበት ወርዳ በመስመር ትሰለፋለች። በቃላት መካከል ቀጫጭን ሽብልቆች ይገባሉ፤ መስመሩ ሲያልቅ ሽብልቆቹ ወደ ላይ ተገፍተው ቃላቱን እኩል ያራርቃሉ፤ የመስመሩ ዳርም ቀጥ ይላል። ይህ የሽብልቅ ብልሃት ቀድሞ የሌላ ፈጣሪ የጄኮብ ሹከርስ ነበር፤ ኩባንያው ከረጅም ክርክር በኋላ መብቱን ገዝቷል። (ለአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ተደምሮ በ90 ቁልፍ ይበቃል፤ የእኛ ፊደል ግን ከነእርባታው ከ200 ይበልጣል።)

የተሰለፉት ማትሪክሶች ከዚያ በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ፊት ይጠበቃሉ። ከኋላ የእርሳስ ድስት አለ፤ ሙቀቱ ወደ 285 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በድስቱ ውስጥ የጠለቀ ፒስተን አንድ ጊዜ ሲወርድ የቀለጠው እርሳስ በአንገት በመሰለ ቧንቧ ተገፍቶ ቀዳዳውን ይሞላል፤ የማትሪክሶቹን ጎድጓዳ ፊደላትም ይይዛል። ወዲያው ይረጋል፤ ቢላዎች ጎኑን ይከረክማሉ፤ አንድ ሙሉ መስመር ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ቅይጡ ተራ እርሳስ አልነበረም፤ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ አንቲሞኒና ከ3 እስከ 4 በመቶ ቆርቆሮ ይገባበታል። አንቲሞኒው ያጠነክረዋል፤ ሲረጋ ብዙ እንዳይሸማቀቅም ያደርገዋል። ቆርቆሮው ደግሞ ወደ ቀጭኑ የፊደል ጥግ ሁሉ እንዲፈስ ይረዳዋል። ማትሪክሶቹ በደንብ ካልተጠባበቁ ግን የቀለጠው እርሳስ በመካከላቸው ይተፋ ነበር። በማሽኑ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እግራቸውንና እጃቸውን ያቃጠላቸው ይህ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የመመለሻው ክፍል ነው። እያንዳንዷ ማትሪክስ አናቷ ላይ እንደ ቁልፍ የተለየ ጥርስ ነበራት። ከላይ በተዘረጋ ባለ ጎድጓዳ ዘንግ ላይ ተንጠልጥላ ትጓዛለች፤ የዘንጉ ጥርስ ከእርሷ ጥርስ ጋር የማይገጥምበት ቦታ፣ ማለትም ልክ በመተላለፊያዋ አናት ላይ ስትደርስ ያለ መያዣ ትቀርና ወደ ቤቷ ትወድቃለች። የለቃሚውን ጊዜ ይፈጅ የነበረው ፊደልን የመመለስ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ተፈጸመ።

ትሪቡንና ጠቡ

በሐምሌ 1886 ማሽኑ በኒው ዮርክ ትሪቡን ጋዜጣ ቤት ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበረው ዓይነት ማትሪክሶቹን በአየር ግፊት ያንቀሳቅስ ነበር። የጋዜጣው ባለቤት ኋይትሎ ሪድ የባለገንዘቦቹ መሪ ሆነ። ሊኖታይፕ የሚለው ስምም የፊደል መስመር ከሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር የመጣ ሲሆን ያወጣለት ሪድ እንደሆነ ይነገራል። በ1887 ትሪቡን ስለ ሜዳ ስፖርት ያሳተመው መጽሐፍ በሊኖታይፕ የተለቀመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሪድና ጓደኞቹ ማሽኑ በብዛት ተሠርቶ ቶሎ እንዲሰራጭ ፈለጉ። ሜርገንታለር ግን ጉድለቱን ያውቅ ነበርና ተሻሽሎ ይሠራ አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ባለገንዘቦቹ ለዓመታት ያለ ትርፍ ሲያወጡ ቆይተዋል፤ እርሱም በስሙ የሚወጣው ማሽን በየጋዜጣው ቤት እየተሰበረ እንዲያዋርደው አልወደደም። በ1888 ከኩባንያው ወጣ። ይሁን እንጂ ማሻሻሉን አልተወም፤ በ1890 አካባቢ የወጣው፣ አየሩን ትቶ በመሬት ስበት የሚሠራው ቀላል ዓይነት እርሱ ትክክል እንደነበረ አሳየ። ለዓለም የተዳረሰውም ይህ ዓይነት ነው። ለፈጠራው የሚከፈለው ድርሻ ግን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲያከራክር ኖረ።

አንድ ሊኖታይፕ የአራት ወይም የአምስት እጅ ለቃሚዎችን ሥራ ይሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ለቃሚዎች እንጀራቸውን አጥተዋል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉት አዲሱን ቁልፍ ለመልመድ ተቸግረዋል። የአሜሪካ የኅትመት ሠራተኞች ማኅበር ማሽኑን ከመስበር ይልቅ አባላቱ እንዲሠሩበት መጠየቅን መረጠ። ጋዜጦች ገጽ ሲጨምሩና ሲበዙ የሠራተኛው ቁጥር እንደገና አደገ፤ ይህ ግን በመካከል ለተጎዱት አልደረሰላቸውም።

ሕመምና የመጨረሻ ዓመታት

ሜርገንታለር በ1888 የሳንባ ሽፋን በሽታ ያዘው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሳንባ ነቀርሳ እንዳለበት ታወቀ። በዚያ ዘመን ለበሽታው መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሞች የሚያዙት ደረቅ አየር ነበር። ስለዚህ ወደ አሪዞና፣ ቀጥሎም በኒው ሜክሲኮ ወደ ዴሚንግ ሄደ። በ1897 እሳት ተነሥቶ የዴሚንግ ቤቱን አቃጠለ፤ ስለ ሕይወቱ የጻፋቸው ወረቀቶችና ሌሎች ሰነዶችም አብረው ጠፉ። ወደ ባልቲሞር ተመልሶ ታሪኩን እንደገና አዘጋጀ፤ በ1898 የታተመው መጽሐፍ ስለ እርሱ በሦስተኛ ሰው የሚናገር ሲሆን ፈጠራው የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል። በጥቅምት 28 ቀን 1899 በ45 ዓመቱ በባልቲሞር ሞተ።

ከእርሱ በኋላ፦ ከእርሳስ ወደ ዚንክና አሉሚኒየም

የቀለጠ ማዕድንን እየገፉ ፊደል ማውጣት የሜርገንታለር ብቻ ሐሳብ አልነበረም። በ1838 ዴቪድ ብሩስ አንድ አንድ ፊደል የሚያወጣ ማሽን ሠርቷል፤ በ1849ም በእጅ ለሚንቀሳቀስ ተመሳሳይ ማሽን ፓተንት ተሰጥቷል። የሊኖታይፕ ልዩነት ሥራው ሁሉ በራሱ እየተከታተለ መሄዱና ማሽኑ በየከተማው መግባቱ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደ ሄርማን ዶህለር ያሉ ሰዎች በዚሁ ዘዴ ፊደል ሳይሆን የማሽን ክፍሎችን ማውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠቀሙት እርሳስና ቆርቆሮ ነበር፤ ከ1914 አካባቢ ጀምሮ ዚንክና አሉሚኒየም ቦታቸውን ያዙ።

ዚንክ በ419 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ፒስተኑ በድስቱ ውስጥ ጠልቆ በሚሠራ፣ የሊኖታይፕን በሚመስል ማሽን ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ሙቅ ክፍል ያለው ማሽን ይባላል። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥም ብረትን ይበላል፤ ድስቱንም ፒስተኑንም ያሟሟል። ስለዚህ በሌላ ምድጃ ቀልጦ በጭልፋ ወደ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ይገባና ወዲያው በከፍተኛ ግፊት ይገፋል። በዚንክ በኩል ደግሞ አንድ ያልታሰበ ነገር ተገኘ፦ የማተሚያ ቤት ወዳጅ የሆነው እርሳስ ዚንክ ውስጥ ጥቂት እንኳ ቢቀላቀል፣ የወጣው ዕቃ ከጊዜ በኋላ ያብጥና ይፈረካከሳል። ችግሩ የተቃለለው በጣም የጠራ ዚንክ ከ4 በመቶ ያህል አሉሚኒየም ጋር በመቀየጥ ነው። በ1929 የኒው ጀርሲ ዚንክ ኩባንያ ያወጣቸውና ዛማክ የሚባሉት እነዚህ ቅይጦች አሁንም በሥራ ላይ ናቸው።

ሊኖታይፕ ራሱ በፎቶ ለቀማና በኮምፒዩተር እስኪተካ ድረስ አገልግሏል። ኒው ዮርክ ታይምስ በእርሳስ የተለቀመውን የመጨረሻ እትሙን ያወጣው በሐምሌ 2 ቀን 1978 ነው። በባልቲሞር በስሙ የተሰየመው የሙያ ትምህርት ቤት ዛሬም ተማሪዎችን ይቀበላል።