በር ሲንኳኳ የፈራችው ነርስ

ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥታችሁ የቤታችሁን ካሜራ በስልክ ታያላችሁ? እንግዲያው ማሪ ቫን ብሪታን ብራውንን እወቋት።

በፈረንጆቹ 1922 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ተወለደች። ሥራዋ ነርስ ነበር። ባሏ አልበርት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው፤ የሥራ ሰዓታቸው ስለማይገጥም ማታ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። ሰፈሩ ወንጀል ይበዛበታል፣ ፖሊስ ቢጠራም ቶሎ አይደርስም። በር ሲንኳኳ ትፈራለች።

ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1966 ከባሏ ጋር ለፈጠራዋ ፓተንት ጠየቀች፤ በ1969 ተሰጣቸው። በሩ ላይ 4 ቀዳዳ አለ፤ ከኋላው ካሜራ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ምስሉ መኝታ ቤት ካለው ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። በማይክ ማንነቱን ትጠይቃለች፤ ወዳጅ ከሆነ አልጋዋ ላይ ሆና በሪሞት ትከፍትለታለች፣ ካልሆነ የአላርሙን ቁልፍ ትጫናለች።

በ1999 በ76 ዓመቷ አረፈች። የእሷ ምስል የሚሄደው ከበር እስከ መኝታ ቤት ብቻ ነበር፤ የእናንተ ኪሳችሁ ድረስ ይመጣል።