ኢላይጃ ማኮይ፤ ባቡርን ሳያቆም ዘይት ያጠጣ መሐንዲስ

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ይወጣል። ነገሥታትና የጦር መሪዎች፣ ደራስያንና ሐኪሞች ተራቸውን አግኝተዋል። እኔ ግን ዘንድሮ እጁ በዘይት የቈሸሸ ሰው መርጫለሁ። ይህ ሰው ኢላይጃ ማኮይ ይባላል፤ በእኛ አጠራር ኤልያስ መሆኑ ነው። እርሱን እንድመርጥ ያነሣሣኝ በሰፈራችን በልደታ ሳያቋርጥ የሚሰማ አንድ ክርክር ነው።

አጎቴ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሚኒባስ እየነዱ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ሞተሩ አርጅቶ ዘይት መብላትና ከኋላው ሰማያዊ ጢስ መትፋት ከጀመረ ቈይቷል። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ መካኒክ፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን አዲቲቭ፣ ማለት በዘይት ላይ የሚጨመረውን ቅመም፣ ገዝተው እንዲያፈሱበት ይመክሯቸዋል። ሌላው ጎረቤት ደግሞ ቅመሙ ገንዘብ ማባከን መሆኑን፣ ቁም ነገሩ ያለው በዘይቱ በራሱ ስለሆነ ውድ ቢሆንም ሲንተቲክ የሚባለው እንደሚሻል አጥብቀው ይከራከራሉ። አጎቴ ሁለቱንም የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም። ሞተሩ አንድ ቀን ቢነክስ ደግሞ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ አይደለም። የማኮይን ታሪክ ባነብ ጊዜ፣ ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በባቡር ላይ ሲታገለው አገኘሁት። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ማኮይ በ1844 ገደማ በካናዳ፣ በኦንታሪዮ፣ ኮልቸስተር በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ፣ እናቱ ሚልድሬድ ይባሉ ነበር። ሁለቱም በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሲሆኑ፣ አምልጠው ካናዳ የገቡት የምድር ውስጥ ባቡር በሚባለው መንገድ ነው። ይህ ስም አንባቢን እንዳያሳስት። ሐዲድም ሠረገላም አልነበረውም። ባርነትን የሚጠሉ ሰዎች፣ ጥቁሮችም ነጮችም፣ አምላጮችን ከቤት ወደ ቤት እየደበቁ የሚያሸጋግሩበት የምስጢር ሰንሰለት ነበረ። ከዚህ ሐዲድ አልባ ባቡር የተረፉ ወላጆች የወለዱት ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ለእውነተኛው ባቡር መስጠቱ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው።

ልጁ ለሞተርና ለብረት ሥራ ያለውን ዝንባሌ ወላጆቹ ስላዩ በ15 ዓመቱ ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤዲንብራ ላኩት። ከባርነት ያመለጡ ገበሬዎች ልጃቸውን ባሕር አሻግረው ለማስተማር ምን ያህል እንደ ተቸገሩ መገመት አያዳግትም። ማኮይ በዚያ የመካኒክ ምሕንድስና ተምሮ ሲመለስ፣ ቤተሰቡ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፣ በይፕሲላንቲ ከተማ ተቀምጦ ነበር።

በአሜሪካ ባርነት በ1865 በሕግ ቀርቶ ነበር፤ ንቀቱ ግን አልቀረም። ማኮይ ሙያውን ይዞ ሥራ ቢጠይቅ ጥቁር መሐንዲስ የሚቀጥር አላገኘም። በመጨረሻ ሚሺጋን ሴንትራል የሚባለው የባቡር ኩባንያ ተቀበለው፤ የተሰጠው ሥራ ግን በባቡሩ ምድጃ ውስጥ ከሰል መጨመርና ብረቱን ዘይት መቀባት ነበር። በኤዲንብራ የተማረ ሰው አካፋና የዘይት ጣሳ ጨበጠ።

ዛሬ በልደታ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ከ2015 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን የእንፋሎት ባቡር አላየንም። በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰውን ባቡር ይጐትት የነበረው ግን እንፋሎት ነው። በእንዲህ ያለው ባቡር ውኃ በከሰል ወይም በእንጨት እሳት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ በሄደና በተመለሰ ቍጥር ብረት ከብረት ይፋተጋል። በመካከላቸው ዘይት ከሌለ ብረቱ ይግላል፣ ይፋፋቃል፣ በመጨረሻም ይነክሳል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ባቡሩ በየጊዜው ይቆምና ዘይት ጨማሪው ወርዶ እየዞረ ይቀባ ነበር። ጉዞውም ይዘገያል፤ ቀቢው ከረሳም ሞተሩ ይበላሻል።

ማኮይ ይህን ሥራ በገዛ እጁ እየሠራ ተመለከተው። በ1872 በሐምሌ ወር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ወረቀት አገኘ። የሠራው ነገር በሲሊንደሩ ላይ የሚቀመጥ የዘይት ዕቃ ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ራሱ ቫልቩን እየከፈተ፣ ባቡሩ እየሄደ ሳለ ዘይቱን በልክ ያወርደዋል። እንግዲህ ዘይት ጨማሪው መውረድ፣ ባቡሩም መቆም አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ባቡርን እየሄደ ዘይት ማጠጣትን ያሰበው የመጀመሪያው ሰው ማኮይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጆን ራምስቦተም የሚባል መሐንዲስ በ1860 ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። የማኮይ ብልጫ በአንድ ሐሳብ አለመርካቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃውን እያሻሻለ 57 ያህል የፈጠራ መብቶች አገኘ፤ የሚበዙትም ስለ ዘይት ማጠጫ ናቸው። በመካከሉ የሚታጠፍ የልብስ መተኰሻ ጠረጴዛና የሣር ማጠጫም ሠርቷል።

ገንዘብ ግን አልነበረውም። ፋብሪካ የሚያቋቁምበት ስለሌለው፣ ብዙውን መብት ለሌሎች እየሸጠና እያስተላለፈ በዚያ ዋጋ ቀጣዩን ሥራ ይሠራ ነበር። በዚህ ምክንያት ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ ስሙን ሳይዙ በዓለም ተሰራጩ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር እውነተኛው ነው ለማለት እውነተኛው ማኮይ የሚል አነጋገር አለ፤ ይህም አስመሳይ ዕቃ ሲበዛ የባቡር ሰዎች የእርሱን እየለዩ ስለ ጠየቁ መጣ ይባላል። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ይህንኑ የሚመስል አነጋገር በስኮትላንድ ጽሑፍ ውስጥ ከ1872 በፊት ስለ ተገኘ እኔ አልተቀበልሁትም። ይሁን እንጂ በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዕቃው ኦሪጅናል መሆኑን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቅ እንደማይከፍል ስለማውቅ፣ ወሬው ለምን እንደ ተወደደ ይገባኛል።

አሁን ወደ ክርክራችን ወደሚያደርሰን ነገር መጣን። በመጀመሪያው ዘመን ለሲሊንደር የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ የቀለጠ የከብት ሞራ ነበር። ኋላ ከምድር የሚወጣው ዘይት ተጣርቶ ሞራውን ተካው፤ ሞራ በጋለ እንፋሎት ውስጥ ብረትን የሚበላ አሲድ ይሆናልና። ይህ የዋናው ዘይት መለወጥ ነው፤ ጥቅሙም ትልቅ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን መሐንዲሶች ከሰልና ውኃ ለመቈጠብ እንፋሎቱን ደግመው ያግሉት ጀመር። ፊት 200 የሴንቲግሬድ ዲግሪ ገደማ የነበረው እንፋሎት ከ300 በላይ ዘለቀ። በዚህ ጊዜ ጥሩ የተባለው ዘይት እንኳ እየተነነና ወደ ጥላሸት እየተለወጠ ብረቱ ባዶውን ይቀር ነበር። ዘይቱን መቀየር ብቻውን አልበቃም።

ማኮይ በዚህ ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ያገኘው መፍትሔ በዘይቱ ላይ ግራፋይት መጨመር ነው። ግራፋይት በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። በጣታችሁ ብትፈጩት እንዴት እንደሚያንሸራትት ታያላችሁ፤ ስስ ስስ ንጣፎች ተደራርበው የተሠራ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ዘይት በሚቃጠልበት ሙቀት እርሱ አይቃጠልም። ችግሩ ዱቄት በመሆኑ ከዘይቱ በታች መዝቀጡና ቀጭኑን ቧንቧ መድፈኑ ነው። በ1915 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዕቃ ግራፋይቱን ከዘይቱ ጋር ሲሊንደር ድረስ እንዲያደርስ የተሠራ ነበር። ማኮይ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መሆኑን ያምን ነበር፤ እኔም እስማማለሁ። ቅመሙ ያለ ዘይቱ ከቦታው አይደርስም፤ ዘይቱም ያለ ቅመሙ ቦታው ላይ አይቈይም።

የዛሬው የሞተር ዘይትም በዚሁ ሥርዐት የተሠራ ነው። ከመቶው ከ70 እስከ 90 እጁ ዋናው ዘይት ነው፤ ከምድር የተጣራ ወይም በኬሚስቶች ጥበብ የተሠራ ሲንተቲክ ሊሆን ይችላል። የቀረው ቅመም ነው፤ ጥላሸት የሚያጥብ፣ ቈሻሻ ሳይዘቅጥ የሚይዝ፣ ዝገትና አረፋ የሚከለክል፣ ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ከመፋቅ የሚያድን። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብረቱ በዘይቱ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሥራው የዋናው ዘይት ነው። ሞተሩ ሲነሣና ጭነት ሲበዛ ግን የዘይቱ ንጣፍ ይሳሳና ብረት ብረትን ይነካል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቅመሙ በብረቱ ላይ የለጠፈው ስስ ልባስ ነው፤ እናቶቻችን እንጀራው እንዳይዝ ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ያለ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ የሚበልጠው ማነው ቢባል፣ ሳልፈራ ቅመሙ እላለሁ። ምንም ቅመም የሌለው ሲንተቲክ ከሚጨመርበት ይልቅ፣ በጥሩ ቅመም የተሠራ ተራ ዘይት የተጨመረበት ሞተር ብዙ ይቈያል። የሲንተቲክ ዋና ጥቅም በብርቱ ብርድ አለመርጋቱና ሙቀት ሳይለውጠው ረዥም ጊዜ መቈየቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ብትገኝም፣ የጧቷ ብርድ ዘይት የሚያረጋ አይደለም። ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ጭነቱን ይዞ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ግን በሙቀቱ ምክንያት ሲንተቲኩ ይጠቅመው ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ለጎረቤታችን ለመካኒኩ የድል ምስክርነት አይሆናቸውም። የምናገርለት ቅመም ፋብሪካው አስቀድሞ በልክ ያዋሐደው ነው። ቅመሞቹ በብረቱ ላይ ቦታ ይሻማሉ፤ አንዱ ከልክ በላይ ሲጨመር ሌላውን ያስለቅቀዋል። ጨው በልኩ ያለበትን ወጥ ደግሞ ጨው እንደ መጨመር ነው። ብዙ መኪና ሠሪዎችም በመመሪያ መጽሐፋቸው ተጨማሪ ጠርሙስ አይመክሩም። የአጎቴ ሞተር ጢስ የሚተፋው በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች ስላለቁ ነው። የሚያወፍረው ቅመም ጢሱን ለጥቂት ሳምንታት ቢያሳንሰውም ያለቀ ብረት አያበቅልም። ውዱ ሲንተቲክም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ውድ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ለአጎቴ የነገርኳቸው፣ በጣሳው ላይ የታተሙት የኤ.ፒ.አይ. ፊደላት ለሞተራቸው የሚስማሙትን ተራ ዘይት እንዲገዙ፣ ልኩን በየጧቱ እንዲያዩ፣ ቀኑን ሳያሳልፉ እንዲቀይሩ፣ የተረፈውንም ገንዘብ ለቀለበቶቹ እንዲያስቀምጡ ነው። ሰምተውኛል፤ መካኒኩ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልሱት በግማሽ ልብ ነው።

ማኮይ ከ1882 ጀምሮ የኖረው በዲትሮይት ነው። ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን በ1903 ሲያቋቁም፣ ከተማይቱም የአውቶሞቢል መዲና ስትሆን በዚያው ነበረ። በ1920፣ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ በስሙ የሚጠራ የዘይት ማጠጫ ፋብሪካ አቋቋመ። ዘመኑን ሁሉ ሲመኘው የኖረው ነገር ነበር፤ የተደሰተበት ጊዜ ግን አጭር ሆነ። በ1922 እርሱና ባለቤቱ ሜሪ የአውቶሞቢል አደጋ ደረሰባቸው። ሜሪ በ1923 ሞተች፤ እርሱም ከጕዳቱ ፈጽሞ አላገገመም። የመጨረሻ ጊዜውን ያሳለፈው ከዲትሮይት አቅራቢያ ባለው፣ ኢሎይዝ በሚባል የድኾችና የሕሙማን መጠለያ ነው። በዚያም በጥቅምት 10 ቀን 1929 ዐረፈ።

በ2001 ስሙ በአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት የሚመዘግብበትን ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት በ2012 በዲትሮይት ሲከፍት፣ የሰጠው ስም የኢላይጃ ማኮይን ነው።