መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፦ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ

በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት መርማሪ ፖሊስ፣ የያዘውን የወንጀል ምርመራ ጨርሶ ለዐቃቤ ሕግ ሲያስረክብ፣ ፍርድ ቤቱም አከራክሮ ውሳኔውን ሲሰጥ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። መርማሪውም ሌላ ጉዳይ ተመርቶለት ወደ አዲሱ ሥራው ያልፋል። ይህ የመሥሪያ ቤት ደንብ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ልጇ የጠፋባት እናት፣ ወንድሙ የተገደለበት ገበሬ፣ ተጠልፋ የተመለሰች ልጃገረድ፣ በዚያው ቀን ነገራቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሊገቡ አይችሉም። ለእነርሱ ገና ብዙ ጥያቄ ይቀራል። የተፈረደበት ሰው መቼ ይፈታ ይሆን? የጠፋው ልጅ ወሬው ተሰማ ወይ? የተፈረደውስ ካሳ በማን እጅ ይደርሳል? ይህን ሁሉ መጥቶ የሚነግራቸው ሰው ካላገኙ፣ ፍርዱ ምንም ያህል የቀና ቢሆን፣ በደሉ በልባቸው እንደ ተከፈተ ይኖራል።

እኛም ይህን ነገር ለማስረዳት ምክር ብቻ ከመስጠት ይልቅ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ብንተርክ ይሻላል ብለን፣ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ መርጠናል። እሳቸው የፖሊስ መርማሪ አልነበሩም። በውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ተምረው በመመረቅ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የቀደሙ ሐኪም፣ ኋላም ዳኛ፣ የአውራጃ ገዥና የመንግሥት መልእክተኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው ራሳቸው ተበዳይ፣ በጐልማሳነታቸው ደግሞ የተበዳዮች ጠባቂ ሆነው ስለ ኖሩ፣ የነገሩን ሁለት ፊት እንደ እሳቸው የሚያሳይ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተው የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ፣ ገና የአራት ዓመት ልጅ እንኳ አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ቀን በአምባው ላይ የነበረውን ትርምስ መገመት አያስቸግርም። ቤት ይቃጠላል፤ ሀብት ይዘረፋል፤ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ ይለያያል። ሕፃኑ ወርቅነህም ዘመድ አልባ ሆኖ ብቻውን ተገኘ። ለጦሩ አዛዦች የመጡበት ጉዳይ በዚያው ቀን አልቋል፤ እስረኞቹ ተፈትተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሞተዋል። ለዚያ ሕፃን ግን ነገሩ ሁሉ ገና መጀመሩ ነበር።

ኮሎኔል ቻምበርለን የሚባል አንድ መኰንን ልጁን አይቶ ስላዘነለት፣ ጦሩ ሲመለስ ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ይህ ሰው ሞተ። ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው ቢሆን ኖሮ፣ ደግነቱ ከደግ አድራጊው ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር። ዳሩ ግን ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን ኀላፊነቱን ተረክቦ የትምህርቱን ወጪ መክፈል ቀጠለ። ልጁም ከሁለቱ መኰንኖች ስም ተዋጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አንባቢዎቻችን ይህን ቦታ ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። ልጁን ያዳነው በመቅደላ የተዘረጋለት አንድ እጅ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው እጅ ሲወድቅ ሁለተኛው ተተክቶ ስለ ያዘው ነው። መርማሪ ይዛወራል፤ ይሾማል፤ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ ተበዳይን መከታተል በአንድ ሰው መልካም ጠባይ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ያ ሰው የሄደ ቀን ይቋረጣል።

ከዚያው አምባ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ዕድል ከዚህ ጋር ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ልዑሉ መጀመሪያ ካፒቴን ስፒዲ ለሚባለውና ለሚወዱት መኰንን ዐደራ ተሰጥተው ነበር። በኋላ ግን ከእሱ ተለይተው ከአንዱ ሞግዚት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ኖሩ። ስለ እሳቸው ባለሥልጣኖች ብዙ ተጻጽፈዋል፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ያስቡላቸው ነበር። ቢሆንም በ1872 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ገና በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር በሕመም ዐረፉ። ብዙ ደብዳቤ ተጻፈ ማለት ብዙ ጥበቃ ተደረገ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ወጣቱ ወርቅነህ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ተመረቁ። ወደ ስኮትላንድ ተሻግረውም ዕውቀታቸውን ካስፋፉ በኋላ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት ተቀጠሩ። ደመወዝም፣ ማዕርግም፣ ክብርም አገኙ። ነገር ግን የማን ልጅ እንደ ሆኑ አያውቁም ነበር፤ የእናታቸውንም ቋንቋ ረስተውታል። የዐድዋ ድል ወሬ በ1888 ዓ.ም. በዓለም ሲሰማ፣ አገራቸውን የማየት ናፍቆት አደረባቸው።

በ1891 ዓ.ም. ገደማ ፈቃድ ተቀብለው አዲስ አበባ ደረሱና ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። ይህንንም የሰሙ አንዲት አሮጊት መጡ። አያታቸው ነበሩ። አሮጊቷ ይህ የእኔ ልጅ ነው ብለው በዕንባ ብቻ የሚያምኑ አልሆኑም። ልጁ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ያውቁ ስለ ነበር፣ ያ ምልክት መኖሩን አረጋገጡ። ምልክቱም ተገኘ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው የኖሩት ሰውም ወርቅነህ መባላቸውን ያን ጊዜ ዐወቁ።

የምርመራ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ታሪክ ሳይደነቅ አይቀርም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ያልጠፋው ማስረጃ በመንግሥት መዝገብ ቤት የተቀመጠ አልነበረም፤ በአንዲት አሮጊት ልብ ውስጥ የተጠበቀ ነበር። ከዚህም ጋር ሌላ መራራ ነገር ይታየናል። ኮሎኔል ቻምበርለን ልጁን ከሞት አድኖታል ብለን ብናመሰግነውም፣ ለቤተ ሰቡ የደረሰ ወሬ ስላልነበረ፣ እነዚያ አያት ልጁ ይሙት ይዳን ሳያውቁ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ልጁ በላሆር ሲመረቅ እሳቸው ምናልባት ተዝካሩን እያሰቡ ነበር። ለተጐዳው ሰው መልካም ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ለሚጠብቀው ዘመዱ መንገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ቢሞላ የሌላውን ጕድለት አይሸፍንም።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ቢመለሱም፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ። በመጨረሻም ጡረታቸውን ካስከበሩ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለዘለቄታው በአገራቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ጠባቂ ሆኑ። የውጭ አገር ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲካሰሱ የሚዳኙበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛም ነበሩ።

በዚሁ ዘመን ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበርና፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ስለ ባሮች ነጻነት ዐዋጅ ወጣ። ስለ አዊ አገር የሚያስብ ሰው ይህን ዐዋጅ እንደ ሩቅ ነገር ሊመለከተው አይችልም። ከአገው ምድር ደጋ በስተምዕራብ ባለው በመተከል ቈላ የሚኖሩት የጉሙዝ ሰዎች፣ ከደጋው በሚወርዱ መሳፍንትና ነጋዴዎች ሲፈነገሉ ብዙ ዘመን አልፎባቸዋል። በዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስልም በሱዳን ወሰን ስለሚካሄደው የባሪያ ንግድ ለመንግሥቱ ይጽፍ ነበር። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው።

ዳኛ ባሪያውን ነጻ ነህ ብሎ ወረቀት ቢሰጠው፣ ፈንጋዩም ቢቀጣ፣ ጉዳዩ በሕግ ፊት አለቀ። ያ በሕፃንነቱ ተሰርቆ የተሸጠ ልጅ ግን ወረቀቱን ይዞ ወዴት ይሄዳል? አገሩን አያውቅ፤ ቋንቋውን ረስቷል፤ የአባቱን ስም የሚነግረው የለም። ይህን ችግር ከሐኪም ወርቅነህ ይልቅ ማን ሊያውቀው ይችላል? እሳቸውም ነጻ ለወጡ ልጆች የተቋቋመውን ትምህርት ቤት በማካሄድ ደከሙ። በሕክምናው የበሽተኛውን ቁስል ካሰሩ በኋላ እስኪድን ድረስ እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ በፍርድ ነጻ የወጣውንም ልጅ ሠርቶ እስኪበላ ድረስ መከታተል ተገቢ መሆኑን በሥራቸው አሳዩ። ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር ገዥ ሆነው፣ አውራጃው የአስተዳደር ምሳሌ እንዲሆን ተሾመው ሠሩ።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ወዲያው ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረ። በ1928 ዓ.ም. ክረምት የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የጣለውን ቅጣት ሲያነሣ፣ የኢትዮጵያ መዝገብ በዓለም ፊት የተዘጋ መሰለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በጠላት እጅ ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ አሁን ደግሞ ልጆቹን ያጣ አባት ሆኑ። እንግሊዝም በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ገዥነት ዐወቀች። አገር ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ኖሩና በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለወጣቱ ባለሥልጣን የሚቀረው ትምህርት ምንድን ነው? ሕጉስ በሩን ከከፈተ ቈይቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳዩ በወንጀሉ ችሎት ካሳውን እንዲጠይቅ ፈቅዶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በኅዳር 1978 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ተበዳዮች የጉዳያቸውን አካሄድና መጨረሻ እንዲያውቁ መደረግ እንዳለበት አስታውቋል። በባላገሩም ልማድ ደም ያደረቁ ሽማግሌዎች ዕርቁ በተፈጸመ ማግስት ዘወር አይሉም፤ ሁለቱ ወገኖች በለቅሶና በሠርግ ሲገናኙ እንዴት እንደ ሆኑ ይመለከታሉ።

ይህም ሲባል መርማሪው የተበዳዩን ቤት ያለ ልክ ይመላለስበት፣ ወይም የማይፈጽመውን ተስፋ ይስጠው ማለታችን አይደለም። ጠባሳው እንዳይነካበት የሚፈልግ ተበዳይም አለ፤ ፈቃዱ ሊከበርለት ይገባል። ጓደኛ መሆን ሌላ፣ ዐደራን መጠበቅ ሌላ ነው። እኛ የምንለው ትንሽ ነገር ነው። ፍርዱ ሲሰጥ ሄዶ መንገር፤ ተበዳይዋ የምትሰማው አዊኛ ከሆነ በአዊኛ ማስረዳት፤ እስረኛው ሊፈታ ሲል ቀድሞ ማስታወቅ፤ ያልተገኘ ሰው ካለ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ አዲስ ነገር የለም ብሎ መናገር፤ ከሥራ ሲዛወሩም ለተተኪው የመዝገቡን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሰውዬውን ጉዳይ አስረድቶ ማስረከብ ነው።

የመቅደላው ሕፃን በሁለት መኰንኖች ትጋት ሐኪም ሆነ። የአያቱ ሠላሳ ዓመት ግን በከንቱ ጥበቃ አለቀ። አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ አንድ መንገደኛ ልኮ፣ ልጁ በሕይወት አለ የሚል ሰው ቢገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ኀዘን ባልሆነ ነበር። ዛሬም በእንጅባራና በዳንግላ፣ በሌላውም የአገራችን ከተማ፣ ከመዝገቡ ጀርባ እንደዚያች አሮጊት ምልክቱን በልባቸው ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ፣ መዝገብ የሚዘጋ እጅ ሁሉ እንዲያስብልን እንመኛለን።