ሞሪሙራ ኢቺዛኤሞን፤ በሻይ ስኒ ግርጌ የቀረ ስም

አንድ የቆየ የጃፓን የሻይ ዕቃ ለግምት ሲቀርብ፣ ገማቹ ከሁሉ አስቀድሞ ስኒውን ገልብጦ ግርጌውን ያያል። በቅጠል ጉንጉን የተከበበች «ኤም» የተባለች የላቲን ፊደል ካገኘ ዕቃውን በናጎያ ከተማ አጠገብ ከነበረው የኖሪታኬ ፋብሪካ ጋር ያያይዘዋል። ፊደሏ የሞሪሙራ ቤተሰብ ስም መነሻ ናት። የጨረታ ዝርዝሮች ማኅተሙን ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ ስለ ባለስሙ ግን የሚሉት እምብዛም የለም። ሆኖም እነዚህ ስኒዎች በጃፓናውያን እጅ ተሠርተው ሳለ ለምን የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ዕቃ እንደሚመስሉ ማኅተሙ ብቻውን አያስረዳም። መልሱ የሚገኘው በሰውየው ሕይወት ውስጥ ነው።

ሞሪሙራ ኢቺዛኤሞን እ.ኤ.አ. በ1839 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ተወለደ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ለሳሙራይ የጦርና የፈረስ ዕቃ የሚያቀርብ የነጋዴ ቤት ነበር፤ እርሱም የቤቱን ስም የወረሰ ስድስተኛው ኢቺዛኤሞን ነው። በ1855 ኤዶን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና እርሱን የተከተለው ቃጠሎ የቤቱን ሀብት ስላጠፋ፣ ወጣቱ በጎዳና ዳር ጥቃቅን ዕቃ እየሸጠ ኑሮን እንደገና ጀመረ። የዮኮሃማ ወደብ በ1859 ለውጭ ንግድ ሲከፈት ግን ወደዚያ እየተመላለሰ የባዕዳንን ሸቀጥ ለኤዶ ገበያ ማቅረብ ያዘ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ነገር በዚያው ወደብ የታየው የገንዘብ ምንዛሪ ነው። በዚያን ዘመን በጃፓን አንድ እጅ ወርቅ በአምስት እጅ ያህል ብር ሲመነዘር፣ በዓለም ገበያ ግን የወርቅ ዋጋ አሥራ አምስት እጥፍ ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ ብር ይዞ የመጣ የውጭ ነጋዴ ወርቁን በርካሽ ሰብስቦ ይሄዳል። በ1860 ወደ አሜሪካ ለሚላኩት የሾጉኑ መልእክተኞች ጉዞ ገንዘብ የመመንዘር ሥራ የደረሰው ሞሪሙራ ይህን በዓይኑ አየ። የሄደው ወርቅ የሚመለሰው ዕቃን ወደ ውጭ በመሸጥ እንደሆነ ያስረዳው የምዕራባውያን ትምህርት አስፋፊው ፉኩዛዋ ዩኪቺ መሆኑ በሕይወት ታሪኮቹ ተደጋግሞ ይወሳል። ለሠራዊት ዕቃ ማቅረብ ትርፍ ቢያስገኝለትም፣ ከሹማምንት ጉቦ ጠያቂነት የተነሣ ከመንግሥት ንግድ ራሱን አገለለ።

በ1876 ከታናሽ ወንድሙ ከቶዮ ጋር የሞሪሙራ ጉሚን ድርጅት በቶኪዮ ጊንዛ አቋቋመ። ፉኩዛዋ በመሠረተው በኬኦ የተማረው ቶዮ በዚያው ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ሱቅ ከፈተ፤ ይህ ሱቅ ኋላ ሞሪሙራ ብራዘርስ ተባለ። ታላቁ በጃፓን እየገዛ ይልካል፣ ታናሹ በአሜሪካ ይሸጣል። መጀመሪያ የተላኩት ጥንታዊ ጌጣጌጦች፣ ማራገቢያዎች፣ የነሐስና የሸክላ ዕቃዎች ነበሩ። እነዚህን የሚገዛው ግን ብርቅ ነገር ፈላጊ ነው፤ ብርቅ ፈላጊ ደግሞ አንድ ጊዜ ገዝቶ ይሄዳል። በየቀኑ ሻይና ቡና የሚጠጣበት ቤተሰብ ግን ስኒው ሲሰበር ተመልሶ ይመጣል። ንግዱ ከችርቻሮ ወደ ጅምላ፣ ከጌጥ ወደ መገልገያ የዞረው በዚህ ስሌት ነው ማለት ይቻላል።

ሞሪሙራ በ1889 የፓሪስን ዓለም አቀፍ ትርኢት በጎበኘ ጊዜ የአውሮፓ ፖርሰሊን ንጣትና የሥዕሉ ጥራት እጅግ ማረከው። ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ለአንድ የጃፓን ነጋዴ ቀላል አልነበረም፤ የጃፓንን የሥዕል ወግ ትቶ የምዕራባውያንን መከተል ማለት ነበርና። የኒው ዮርኩን ቤት ይመራ የነበረው ሙራይ ያሱካታ የገዢውን ፍላጎት እየተከታተለ ሲያሳውቅ፣ የሥራ ባልደረባው ኦኩራ ማጎቤይ ሠዓሊዎቹን ያግባባ ነበር። በኒው ዮርክ የተነደፉ ጽጌረዳዎችና የሐይቅ ዳር ሥዕሎች ወደ ናጎያ ተልከው በስኒ ላይ ተሳሉ። የእነዚህን ዕቃዎች ሥዕል ከአውሮፓ የተኮረጀ ብቻ አድርጎ የሚያይ ገማች ይህን ረጅም ድርድር ይዘነጋል።

ሥዕሉ ተለወጠ፤ አፈሩ ግን አልተለወጠም። ከሴቶ አካባቢ ይገዛ የነበረው ያልተሳለበት ዕቃ ወደ ግራጫነት ያደላ ስለነበር፣ በላዩ የተሳለው ለስላሳ ቀለም ይደበዝዝ ነበር። ነጩን ዕቃ ፍለጋ ዓመታት ፈጀ። ቶዮ በ1899 ዐረፈ፤ ፍሬውን አላየም። በጥር 1904 በኖሪታኬ መንደር ኒፖን ቶኪ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ የማጎቤይ ልጅ ኦኩራ ካዙቺካም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። ነጭ ፖርሰሊን እንደ ማንቆርቆሪያና ስኒ ባሉ ክብ ዕቃዎች ተሳካ። ሰፊውና ጠፍጣፋው የእራት ሳህን ግን በእቶን ውስጥ እየተጣመመ አስቸገረ፤ የመጀመሪያው ሙሉ የእራት ዕቃ የወጣው በ1914 ነው። እንግዲህ ከዚያ ዓመት በፊት ተሠራ የሚባል የኖሪታኬ ሙሉ የእራት ዕቃ ቢቀርብ ሊጠረጠር ይገባል፤ የሻይ ዕቃ ግን ከዚያ ሊቀድም ይችላል።

ማኅተሞቹን በዘመን ለመለየት ሁለት የአሜሪካ ደንቦች ይረዳሉ። በ1890 የወጣው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ፣ ከ1891 ጀምሮ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ፤ የጃፓን ዕቃዎችም «ኒፖን» ተብለው ታተሙ። በ1921 ግን ቃሉ የጃፓንኛ ነው ተብሎ በእንግሊዝኛው «ጃፓን» እንዲተካ ተደረገ። ኒፖን የሚለው ጽሑፍ ዘመንን እንጂ ፋብሪካን አያመለክትም፤ ሌሎች ብዙ አምራቾችም ተጠቅመውበታል። ይህን አለመለየት በገበያ የሚታይ የተለመደ ስሕተት ነው። በ1908 ለእንግሊዝ ገበያ የተመዘገበው ምልክት ደግሞ ሌላ ነው፤ በኩባንያው ትውፊት መሠረት ችግር የሚል ትርጉም ካለው የጃፓን የጽሕፈት ምልክት ተወስዶ፣ አራት ማዕዘኑ ወደ ክብነት የተለወጠ ነው። በባዕድ ገበያ ለደከመ ነጋዴ ቤት የሚስማማ ምልክት ነው።

ማኅተም ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን የሚያሳዩት በኋላ ዘመን የወጡ አስመሳይ ዕቃዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጉንጉኑ መካከል በፊደሏ ፈንታ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ቅርጽ ይታይባቸዋል፤ ሌሎቹ ፊደሏን ራሷን ቀድተዋል። ስለዚህ ገማቹ ከማኅተሙ አልፎ ሰውነቱን ይመረምራል፦ ስኒው በብርሃን ፊት ሲያዝ ጥላ ያሳልፋል ወይ፣ የብሩሽ ምት ይታያል ወይስ ሥዕሉ የታተመ ነው፣ ወርቁ በእጀታውና በከንፈሩ ላይ ምን ያህል ተፍቋል፣ ሞሪያጌ የተባለው በቀጭን ጭቃ ከፍ ተደርጎ የተሠራው ጌጥ አልተላላጠም ወይ። ማንቆርቆሪያው፣ የስኳሩና የወተቱ ዕቃ እንዲሁም ስኒዎቹ ከነክዳናቸውና ከነማስቀመጫቸው መሟላታቸው ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ግን ክፉኛ ይቀንሰዋል።

ሞሪሙራ በ1910 የልጆች ትምህርት ቤት መሠረተ፣ በ1915 የባሮንነት ማዕረግ ተቀበለ፣ በ1919 ዐረፈ። የኒው ዮርኩ ቤት በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋ። ከጦርነቱ ማግስት ፋብሪካው የዕቃው ጥራት ወደ ቀድሞው ደረጃ ስላልተመለሰ በራሱ ስም ከማተም ተቆጥቦ ለጥቂት ዓመታት «ሮዝ ቻይና» የሚል ማኅተም ተጠቀመ። በ1953 ደግሞ በጉንጉኑ ውስጥ የነበረችው የሞሪሙራ ፊደል ወጥታ የኖሪታኬ መነሻ የሆነችው «ኤን» ተተካች።